ክረምቱ ወጣ ያለው ማነው?

ከአዲስ አበባ፦
ጥቅምት ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ዝናቡ ግን አልለቀቀንም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ያልቃል። ትናንት ታክሲ ሰልፍ ላይ በጃንጥላ ቆሜ አንድ ነገር ሲመላለስብኝ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወጡ አሮጌው ዘመን አለቀ ተባለ። ግንቦት 20 ቀን 1983ም እንደዚያው። መጋቢት 2010ም እንደዚያው። የ2010ሩን እኔም ከልቤ አምኜ ተደስቻለሁ። ታዲያ ያው ነገር ለምን ይመለስብናል? ታሪክ ራሱን ይደግማል? ወይስ ያለፈው መቼ ወጣና? እስቲ እንከራከርበት።

ከባሕር ዳር፦
የታሪክ መምህር ነኝ። «ታሪክ ራሱን ይደግማል» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣል፤ ማንም እንዳላደረገው፣ ዝም ብሎ እንደመጣ ያስመስለዋል። ደግሞም እውነት አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ጭሰኝነት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንግሥት ተቀየረ፤ ጭሰኝነትን የመለሰ ግን የለም። ወጥቶ የቀረ ነገርም አለን።

ከደሴ፦
ወንድሜ መምህሩ፣ ጭሰኝነት መቅረቱን አልክድም። እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝ። የ1965ቱን ረሃብ በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ያ ረሃብ ተደበቀ። በቴሌቪዥን የታየው ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ። ደርግ በእኛ ሬሳ ንጉሡን ከሰሰ።

ከ10 ዓመት በኋላስ? ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ክረምቱን ሙሉ ሰልፍ ስንለማመድ ከረምን። ዝናቡ እላያችን ላይ ይወርዳል፣ ሸራ ጫማዬ ውስጥ ውኃው ይንቦጫረቃል። አብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተገትሯል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ከቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። እናቴ ያስጻፈችው ሦስት መስመር ነው። ሰላምታ፣ በሬዎቹ ተሸጡ፣ ለእኛ አታስብ።

የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1976 አስጠንቅቆ ነበር። ዓለም ግን የኮረምን ረሃብተኞች በቢቢሲ ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ስለዚህ ተደገመ የምለው ድርቁን አይደለም። ዝናብ ድሮም ይቀራል። የተደገመው «በዓሉ ይለፍና» የሚለው ነገር ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
ጋሼ፣ የበሬዎቹ ነገር አንጀቴን በላው። እዚህ ደግሞ በጥቅምትም በጋው አልወጣም፤ ዛሬ በካናቴራ ነው ግቢ የጠረግኩት። እኔ ግን ከመምህሩ ጋር ነኝ። በ2008 በኤልኒኖ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር። ቁጥሩ በይፋ ተነገረ። መንግሥትም ከራሱ ካዝና አወጣ። ከዚያ በፊት የተጀመረው፣ ለችግረኛ የገጠር ቤተሰብ እህልና ገንዘብ የሚሰጠው ሴፍቲኔትም ነበር። የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። እና ማስቆም ይቻላል ማለት ነው።

ከደሴ፦
ይቻላል እህቴ። የተቻለውም ስለተነገረ ነው። እኔም የምለው ይኸንኑ ነው።

ከባሕር ዳር፦
ጋሼ፣ በዚህ አሳምነውኛል። በአንድ ነገር ግን አልለቅም። ተማሪዎቼ «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን መፈክር ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ቀጥዬ ኅዳር 14 ቀን 1967ን አነሳለሁ። ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ አብዛኞቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት ናቸው። መፈክሩ ከወጣ ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያን ቀን ደርግ ተሰብስቦ ድምፅ ሰጥቷል። ሰው እጁን አውጥቶ ነው የወሰነው። ክረምት ድምፅ ተሰጥቶበት አይቆይም። ሁለቱን ማመሳሰሉ ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ።

ከአዲስ አበባ፦
መምህር፣ ልክ ብለሃል፤ ምሳሌዬ እዚያ ላይ አይሠራም። አንድ ቦታ ግን ይሠራል። እናቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ ገብስ አላት። ጎረቤቷ መስከረም አልፏል ብሎ አጭዶ ከመረ፤ ክምሩ ከሥሩ መሞቅ ጀምሯል። እሷ ጠዋት ማሳው ገብታ ዛላውን በመዳፏ አሽታ እርጥብ ነው አለችኝ። አላጨደችም። እኛ በ2010 ዛላውን ሳናሽ ነው ያጨድነው። የጥቅምት 2013ቱ ጦርነት ሲመጣ ያልጠበቅነው ለዚህ ይመስለኛል። የሚታይ ነገር ነበር፤ ደስታችንን እንዳያበላሽብን ብለን አላየነውም።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ የእናትዎ ደብዳቤ ዛሬም አለ?

ከደሴ፦
አለ ልጄ። አሁን አውጥቼ አየሁት። ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ነሐሴ 12 ቀን 1976 ይላል።