ፖሊዶፓሚን ከፖሊፕሮፒሊን ሜምብሬን ላይ እየለቀቀብኝ ነው፤ ምን ይሻላል?

ዘጌ_ላብ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጣና ውኃ ማጣሪያ የሚሆን ሜምብሬን (ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ፕላስቲክ) ውኃ ወዳድ እንዲሆን በፖሊዶፓሚን (ዶፓሚን ኦክሳይድ ሆኖ እርስ በርሱ ሲያያዝ የሚፈጠር ጥቁር ሽፋን) እየሸፈንኩ ነው። በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ዶፓሚን ሃይድሮክሎራይድ፣ 10 ሚሊሞላር ትሪስ (ፒኤቹን የሚጠብቅ በፈር)፣ ፒኤች 8.5፣ 24 ሰዓት። ይጠቁራል፤ ግን በጣት ሲታሽ ጥቁር ዱቄት ይለቃል፣ መሀል መሀሉም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)፦
ወንድሜ፣ የሁለቱ መነሻ ለየቅል ነው።

ነጩ የሚቀረው ውኃው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ስላልገባ ነው። መጀመሪያ ኢታኖል ውስጥ ንከረው፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ረጥቧል ማለት ነው። ከዚያ ሳይደርቅ በቀጥታ ወደ ሶሉሽኑ አስገባው።

ዱቄቱ ሶሉሽኑ ውስጥ ተፈጥሮ የወረደ ዝቃጭ ነው እንጂ ሜምብሬኑ ላይ ያደገ ሽፋን አይደለም። ስለዚህ ሜምብሬኑን አታስተኛው፤ ቀጥ አድርገህ ስቀለው። የአንተ ዶፓሚን 10.5 ሚሊሞላር ይሆናል፤ ኦክሳይድ ሲሆን አሲድ ስለሚለቅ 10 ሚሊሞላር ትሪስ አይችለውም፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ እድገቱም ይዳከማል። ትሪሱን ወደ 50 አሳድገው (በሊትር 6.06 ግራም)። ፒኤቹን በምትሠራበት ሙቀት ላይ ለካ፤ የትሪስ ፒኤች በ1 ዲግሪ ጭማሪ 0.03 ገደማ ይቀንሳልና የጠዋቱ ልኬት ከሰዓት በኋላ አይሠራም። ዶፓሚኑ መጨረሻ ላይ ይግባ።

ኦክስጅኑንም አትርሳ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አፈ ሰፊ ዕቃ፣ ጥልቀት የሌለው ሶሉሽን፣ ክፍት ክዳን፣ ለስለስ ያለ ሼከር። ውፍረቱ 50 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ ስለሚቆም ሰዓት ከማራዘም ሶሉሽኑን አድሶ መድገም ይበልጣል።

ዘንገና (እንጅባራ)፦
ጮቄ ባለው ላይ ልጨምር። የዚህ ሽፋን ሐሳብ የተቀዳበት መስል የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ዓለት ላይ የሚጣበቀው በዶፓ (የዶፓሚን ዘመድ የሆነ አሚኖ አሲድ) ብቻ አይደለም። በአንዱ የእግሩ ፕሮቲን ውስጥ ከአራት አሚኖ አሲድ አንዱ ገደማ ዶፓ ነው፤ ከጎኑ ግን ላይሲን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ በብዛት አለ። የላይሲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ዓለቱ ላይ ያሉትን የጨው አዮኖች ገፍቶ ለካቴኮሉ (ለዶፓው የሚጣበቅ ክፍል) ቦታ ይከፍታል። ደግሞ ማጣበቂያውን የሚያወጣው አሲዳማ አድርጎ ነው፤ ዶፓው ገና ኦክሳይድ ሳይሆን ዓለቱን ይዞ፣ ኋላ በባሕሩ ውኃ ኦክሳይድ ሆኖ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። እኛ ገና ከመነሻው 8.5 ላይ ስንጀምር ይህ ቅደም ተከተል ይፋለሳል፤ ብዙው ዶፓሚን ሜምብሬኑን ሳይነካ እርስ በርሱ ይያያዛል።

የላይሲኑን ድርሻ ለመተካት ትንሽ ሞለኪውል ያለው ፖሊኢታይሊንኢሚን (600 ዳልተን) ከዶፓሚኑ እኩል በክብደት ጨምር። ከኪኖኑ (ኦክሳይድ ከሆነው ዶፓሚን) ጋር ስለሚተሳሰር ቅንጣቶቹ አይገዝፉም፣ ሽፋኑም ይለሰልሳል። ከመጠን ካለፈ ግን ሽፋኑ ጭራሽ አይቀመጥም። ራሱ ቤዝ ስለሆነ ከጨመርከው በኋላ፣ ዶፓሚኑ ከመግባቱ በፊት፣ ፒኤቹን ወደ 8.5 መልስ።

ዘጌ_ላብ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲቆሽሽ በበረኪና ማጠብ ይቻላል?

ጮቄ፦
በፍጹም። በረኪና ፖሊዶፓሚንን ይበላዋል፤ ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳም ያነሳዋል። ውኃ በተቃራኒ አቅጣጫ ግፋበት፤ ዝገት ከያዘ ቀጭን ሲትሪክ አሲድ ይበቃል። አዲሱንም የሚወርደው ውኃ ጥርት እስኪል ሳታጥብ አትግጠመው።