ስድስተኛው ዙር ላይ ተጣብቄያለሁ

ሰላም ናችሁ? 2305843009213693951 ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) መሆኑን በራሴ ኮድ ማረጋገጥ ፈልጌ ነበር። 2 ፓወር 61 ሲቀነስ 1 ማለት ነው። ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ ቄስ በ1883 በእጁ አስልቶ ጨርሶታል፤ እኔ ኮምፒውተር ይዤ አቃተኝ።

የያዝኩት የሉካስ ሌመርን ዘዴ ነው። ከ4 ተነስቶ በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ ለዋናው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ። ከ59 ዙር በኋላ 0 ከመጣ ብቸኛ ነው። ፓይተን ላይ 0 ወጣልኝ። የምፈልገው ግን በሲ (C) ቋንቋ ነው፣ ያውም በአሮጌ 32 ቢት ላፕቶፕ። ኮምፓይለሩ 128 ቢት ቁጥር አይቀበልም።

2 ፓወር 31 ሲቀነስ 1ን ያለ ችግር ሠራልኝ። እዚህ ግን 14፣ 194፣ 37634፣ 1416317954 እያለ 5ኛው ዙር ላይ 2005956546822746114 ይደርሳል። እስከዚህ ልክ ነው። ይሄ በራሱ ሲባዛ 37 አሃዝ ስለሚሆን 64 ቢት ውስጥ አይገባም፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ሁሉ ዝባዝንኬ ነው። በዳብል (double፣ የነጥብ ቁጥር መያዣ ዓይነት) ሞከርኩ፣ የመጨረሻዎቹን አሃዞች በላብኝ።

ከዚያ ቁጥሩን ለሁለት ቆረጥኩት። ላይኛውን 30 ቢት ሀ፣ ታችኛውን 31 ቢት ለ አልኩት። የ2 ፓወር 61 ቀሪ 1 ስለሆነ 2×ሀ×ሀ እና ለ×ለ በሰላም ገቡ። ያስቸገረኝ የመሃሉ ነው፦ ሀ×ለ×2 ፓወር 32። ሀ×ለ ብቻውን 61 ቢት ሊሞላ ይችላል። ከ64 ቢት ሳልወጣ የዚህን ቀሪ እንዴት ነው የማወጣው?