ማኅተሙስ ተቀረጸ፤ ድግግሞሹ ግን አልገዛ አለኝ

ላጲስ_ፈጂ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከላጲስ ማኅተም እየቀረጽኩ በየምሽቱ አንድ ገጽ ማተም ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ልጆቹ ሲተኙ ጠረጴዛው የኔ ነው። ደብተሬን እዘረጋና ቅጠሏን ወይ ኮከቧን ደጋግሜ አትማለሁ። ትልቁ ልጄ ጠዋት ተነሥቶ ገጹን ገልጦ ያይና «እማዬ፣ አሁንም ኮከብ?» ይለኛል።

አንዷን ነጥላችሁ ብታዩዋት ታምራለች። ነገር የሚበላሸው ስትደጋገም ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወደ ቀኝ ማዘንበል ይጀምራል፤ ግርጌ ላይ ሁሉም ወረፋ እንዳሰለቸው ሰው እዚህም እዚያም ተበትኖ አገኘዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ልማዱ ነው። በየቀኑ አዲስ መቅረጽ ይሻላል ወይስ ባለው ማተም? አዲስ ልቅረጽ ስል ምሽቱ በመቁረጥ ያልቅና ሳላትም እተኛለሁ። በአሮጌው ላትም ስል ደግሞ ልጄ እንዳለው ነው። የምጠቀመው ተራ ነጭ ላጲስ፣ ካተርና የቢሮ ማኅተም ቀለም ነው። የምታውቁ እስቲ ወዲህ በሉኝ።

ካሬ_ወረቀት፦

ማዘንበሉ ቀላል ነውና ከሱ ልጀምር። እያንዳንዱን ኅትመት ከጎኑ ካለው ጋር እያስተያየሽ ነው የምታሳርፊው፣ አይደል? እንዲያ ከሆነ የአንዱን ጥፋት ቀጣዩ ይወርሳል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ግማሽ ሚሊሜትር በየተራው ወደ አንድ ወገን ቢሸሽ አሥረኛው ላይ አምስት ሚሊሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጎረቤቱን ተዪው። ገጹን በቀጭን እርሳስ በካሬ አስምሪና እያንዳንዱን ከመስመሩ ጋር ብቻ አስተካክዪ። ላጲሱ ራሱም ልክ ካሬ ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ የቅጠሏን ዙሪያ ተከትለሽ ከቆረጥሽው ከመስመር ጋር የምታገጥሚው ማዕዘን አይኖርሽም። ጀርባው ላይ የላይኛውን ጎን በቀስት ምልክት አድርጊበት። ከገጹ መሀል ጀምረሽ ወደ ዳር ውጪ፤ ዳር ላይ የሚጎድለው ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሆን ዓይን አይከፋም።

ስለ ልማዱ ግን የምለው ይበዛል። እኔ አዲስ ማኅተም የምቀርጸው አልፎ አልፎ ነው። በየቀኑ የሚለወጠው አቀማመጡ ነው። ኮከብሽ የሰለቸችው ብታዞሪያትም ያችው ኮከብ ስለሆነች ነው። እስቲ ሚዛኑ ያጋደለ ነገር ቅረጪ፤ ከአንዱ ማዕዘን የሚነሣ፣ በአንድ ወገን የጠቆረ፣ በሌላው ባዶ የሆነ። ቀላሉ ካሬውን በሰያፍ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ፈልፍሎ ማውጣት ነው። ሴባስቲያን ትሩሼ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ ስለዚችው በሰያፍ ስለተከፈለች ካሬ እ.ኤ.አ. በ1704 ጽፏል፤ እሷኑ በማዞር ብቻ የሚወጣውን የጥለት ብዛት ስታዪ ትገረሚያለሽ።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸርም እንዳንቺ ማኅተም ይቀርጽ ነበር። የሱን ዘዴ ሞክሪ፦ አራት ኅትመት ሁለት በሁለት አድርገሽ ደርድሪና ያንን ክምችት ገጹ እስኪሞላ ድገሚው። እያንዳንዱ ኅትመት በአራት አቅጣጫ መዞር ስለሚችል አደራደሩ 256 ይሆናል። ብዙዎቹ ገጹን ብታዞሪው ወይም ብታንሸራትቺው አንድ ናቸው። እንዲህ የሚመሳሰሉትን እንደ አንድ ሲቆጥሯቸው የሚቀሩት የተለያዩ ጥለቶች 23 ናቸው። ኤሸር እዚህ ቁጥር ላይ የደረሰው በወረቀት ላይ እየሣለ፣ እያነጻጸረ ነው። ከአንድ ላጲስ 23 ምሽት አገኘሽ ማለት ነው፤ ቀለም ሳትቀይሪ፣ ሁለተኛውን ዓምድ በግማሽ ካሬ ዝቅ ማድረግ የሚባለውንም ሳትነኪ። (ይህን የመጨረሻውን አንድ ምሽት ሞክሪው፤ ኮከቧን እንኳ ነፍስ ይዘራባታል።)

መስመሮቹ ከካሬ ወደ ካሬ እንዲያያዙ ከፈለግሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ጎኑ አራት ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ከሆነ በአራቱም ጎን ላይ ከማዕዘኑ አንድ እና ሦስት ሴንቲሜትር ላይ ነጥብ አድርጊ። መስመር ከካሬው የሚወጣው በነዚህ ነጥቦች ብቻ ይሁን፤ አንዱም ነጥብ ባዶ አይቅር። ውስጡን እንደፈለግሽ ጠማዝዢው። በየትም በኩል ብታዞሪው የአንዱ መስመር ከቀጣዩ መስመር ጋር ይገናኛል። ሳታስቢው ሐረግ ሲመዘዝ ታያለሽ።

ቀራጭ_እጅ፦

ካሬ_ወረቀት ስለ አቀማመጥ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ «አልፎ አልፎ ቅረጪ» የሚለውን ግን አልቀበልም። እጅ የሚፈታው በመቅረጽ ነው። ምሽቱን የሚበላብሽ መቅረጹ አይመስለኝም፤ ማኅተሙ ትልቅ ስለሆነ ነው። ላጲሱን የጥፍር ያህል ቆርጠሽ ሁለት ሦስት ጭረት ብቻ አውጪበት፤ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ካተሩን ትተሽ ጫፉ የቪ ቅርጽ ያለው መቅረጫ ብትይዢ ደግሞ ብዙ ትገላገያለሽ። በካተር ለአንድ ጭረት ሁለት ጊዜ ከግራና ከቀኝ መቁረጥ አለብሽ፤ ይሄኛው በአንድ ግፊት ያወጣዋል። ጥምዝ ላይ ስትደርሺ መቅረጫውን የያዘው እጅሽ አይነቃነቅ፤ ላጲሱን አዙሪው። የምታስቀሪው መስመር ከላዩ ጠበብ፣ ከሥሩ ሰፋ ይበል። ሥሩን ከቦረቦርሽው ስታትሚ ይተኛል፤ ውሎ አድሮም ይገነጠላል። ጣትሽን ደግሞ ከስለቱ ፊት አታድርጊ፤ ይህን ለማንም ሳልናገር አላልፍም።

የመስታወት ግልባጭ ለማግኘት ሌላ ሥዕል አያስፈልግሽም። የቀረጽሽውን ቀለም ቀብተሽ በባዶ ላጲስ ላይ አትሚው፤ የጠቆረውን አስቀርተሽ ሌላውን ፈልፍዪ። እሱ ሲታተም የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ሁለቱን እያፈራረቅሽ ስታትሚ የካሬ_ወረቀት 23 ምንም አይደለም።

ስለ ቀለሙ አጭር ነኝ፦ ማኅተሙን ቀለሙ ላይ አትጫኚው፤ ማኅተሙን አንጋለሽ በቀለሙ ስፖንጅ ጠብ ጠብ አድርጊው። ጭረቱ ውስጥ ቀለም አይገባም። ከገጹ ሥርም ጥቂት ወረቀት አንጥፊ፤ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ መሀሉ ሳይነካ ይቀራል።

ላጲስ_ፈጂ፦

ሁለታችሁም ኑሩልኝ። በሰያፍ የተከፈለችውን ትናንት ማታ ቀርጬ በአራት አቅጣጫ አተምኳት። ልጄ ዛሬ ጠዋት «ይሄንን ሌላ ሰው ነው የሠራው» አለኝ፤ እንደ ምስጋና ተቀብዬዋለሁ። በካሬ ማስመሩ አሰልቺ ነው፤ ግን ሠርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማኅተሞቹ በዙና በፕላስቲክ ዕቃ አኑሬያቸው ነበር። ከዕቃው ጋር ተጣበቁ፣ ገጻቸውም ሙልጭልጭ ያለ ሆነ። ቀለሙ ነው እንዴ?

ቀራጭ_እጅ፦

ቀለሙ አይደለም። ነጭ ላጲስ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ነገር ቀስ እያለ ይወጣና አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሟሟል። የተረፉትን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልዪና በካርቶን ሣጥን አኑሪ። እርስ በርስም አታነካኪያቸው። መጠቅለያው ላይ የማኅተሙን ኅትመት አሳርፊበት፤ የትኛው የት እንዳለ ሳትፈቺ ታውቂያለሽ።