ወንበሩ ሲጋደም የቪአር (ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ) መነጽሬ ቦታ ይስታል፤ መላ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከሀዋሳ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ከጣውላና ከአሮጌ ሚኒባስ ወንበር የአብራሪ ክፍል ሠርቻለሁ። ወንበሩን በአርዱዊኖ (በትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) የሚታዘዙ ሁለት የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ያንቀሳቅሱታል። ኤክስ-ፕሌን 12 የተባለውን የኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ የምጫወተው በኩዌስት 2 የቪአር መነጽር ነው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። የመነጽሩ ካሜራዎች የሚያዩት የክፍሉን ግድግዳ ስለሆነ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲጋደም አንገቴን ወደ ላይ ቀና ያደረግሁ ይመስለዋል። የመሣሪያ ሰሌዳው ወደ ታች ይሸሻል፤ እጄ ጋዙን ሲፈልግ አየር ይጨብጣል።

ኦፕን ኤክስአር ሞሽን ኮምፐንሴሽን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ የመነጽሩን የግራ እጅ መቆጣጠሪያ ወንበሩ ላይ አሰርኩት። ፕሮግራሙ በመቆጣጠሪያው በኩል የወንበሩን እንቅስቃሴ እያወቀ ከጭንቅላቴ እንቅስቃሴ ላይ ይቀንሳል፤ ፊት ለፊት ሳይ በጣም ደስ ይላል! ሀዋሳ ለማረፍ ስዞር በቀኝ መስኮት ካየሁ ግን ካሜራዎቹ መቆጣጠሪያውን ያጡታል። ምስሉ ይዘላል፤ ትናንት ሊያስመልሰኝ ነበር።

መቆጣጠሪያውን የት ባስረው ይሻላል? ወይስ የወንበሩን ማዘንበል የበረራውን እንቅስቃሴ ወደ ወንበሩ ትእዛዝ ከሚቀይረው ፍላይፒቲ ሙቨር ከተባለው ፕሮግራም በቀጥታ ለኦፕን ኤክስአር ሞሽን ኮምፐንሴሽን መስጠት ይቀላል? ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ የወንበሩን የመዞሪያ ማዕከል እንዴት እንደለካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ፤ እኔ እዚያ ላይ ነው የተጣበቅሁት። ቫይቭ ትራከር የተባለውን የእንቅስቃሴ መከታተያ ክፍሉ ውስጥ ከሚተከሉት ጣቢያዎቹ ጋር ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። አብራሪ መሆን የሚመኝ የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት ስለሚመጣ፣ ከዚያ በፊት ቢስተካከልልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።