ብድር የሚከለክለው ሲስተሙ ነው፤ ለአመልካቹ ምን ብዬ ልንገረው?

ማለዳ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው በስልክ አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ነው። የሚወስነው ሲስተሙ ነው። የተከለከለ ሰው የሚደርሰው «መስፈርቱን አላሟሉም» የሚል መልእክት ብቻ ነው። ደውለው «የትኛውን?» ሲሉኝ መልስ የለኝም። አሁን መልእክቱን እንዳስተካክል ተፈቅዶልኛል። ምን ልጻፍ?

የአቤቱታ ዴስክ፦ ዋና ዋናውን ምክንያት ጻፊ፣ እህቴ። የአሜሪካ የብድር ደንብ ማብራሪያ እንኳ ከአራት በላይ ምክንያት መደርደር ለአመልካቹ ብዙም እንደማይጠቅም ይናገራል። ለምሳሌ፦ «ያለብዎት ዕዳ ከገቢዎ አንጻር ከፍተኛ ነው። ያየነው ወርሃዊ ገቢ ይህን ያህል፣ ዕዳው ይህን ያህል ነው። ቁጥሩ ስህተት ከሆነ ማስረጃ ይላኩልን።» ያያችሁትን ቁጥር ማሳየቱን እንዳትተዪ። ሰውየው ሁለት የገቢ ምንጭ እያለው ሲስተሙ አንዱን ብቻ አይቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ካላየ ስህተቱን በምን ያውቃል?

ማለዳ፦ የቴክኒክ ክፍሉ ግን «ምክንያቱን ከነገርናቸው ያጭበረብሩናል» ይላል።

ሒሳብ አዋቂ፦ ዕዳውን ከፍሎ የሚመጣ ሰው አጭበርባሪ አይደለም፤ የምትፈልጉት ደንበኛ እሱ ነው። የማጭበርበር መከላከያውን ለብቻው ደብቁት። ምክንያቱ ግን በዚያ ሰው ውሳኔ ላይ በትክክል ከብዶ የታየው ይሁን፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር ለአፍ የሚጥመውን መርጦ መላክ ማታለል ነው።

ፍትሐዊነቱንም አንሺባቸው። ጾታን ከዳታው ማውጣት ብቻውን አይበቃም። የመኖሪያ ሰፈርና የስልክ ዓይነት ዞረው ጾታውን ለሲስተሙ ሊነግሩት ይችላሉ። ደግሞ ሲስተሙ ማን እንደሚከፍል የተማረው ከዚህ በፊት ብድር ካገኙት ሰዎች መረጃ ነው። የተከለከሉት ቢያገኙ ይከፍሉ እንደነበር የሚያሳይ መረጃ የለውም። ስለዚህ ድሮ የተገፋ ሰው ዛሬም ይገፋል። ከተከለከሉት ለጥቂቶቹ በዕጣ አነስ ያለ ብድር ሰጥታችሁ ብታዩ ብዙ ትማራላችሁ። ኪሳራ ሊኖረው ይችላል፣ ግን እኔ ብሆን አደርገው ነበር።

አንድ ለሕግ፦ አለቆችሽን ለማሳመን ይህን ያዢ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2023 አበዳሪው በእጅጉ የሚመካበት ከሆነ፣ ሰውየው ብድሩን የመክፈል ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ በኮምፒውተር ነጥብ መስጠቱ ራሱ አውቶማቲክ ውሳኔ ነው ብሏል። በ2025 ደግሞ የሒሳብ ቀመር ማቀበል ማብራሪያ እንደማይሆን ወስኗል፤ የትኛው መረጃ እንዴት እንደዋለ ሰው በሚገባው መንገድ መነገር አለበት። እዚያ ባትሠሩም መለኪያው ጥሩ ነው።

ማለዳ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ሲመጣስ?

የአቤቱታ ዴስክ፦ ማስረጃውን የሚያየው ሰው ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን ይኑረው። የሲስተሙን መልስ መልሶ የሚያነብ ከሆነ አቤቱታ ተሰማ አይባልም። ስንቱን እንደሻረ በየወሩ መዝግቡ። አንድም ካልተሻረ፣ ፋይሎቹን ሌላ ሰው እንዲያያቸው አድርጊ።