ክርክር፦ በሀዋሳ የጭቃ ቤት ፈቃድ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

መምህርቷ (ታቦር ክፍለ ከተማ)

ሰላም ጎረቤቶች። ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን እዚህ "ሀዋሳ የክልል ዋና ከተማ ናት። ከእንግዲህ በከተማው ውስጥ የጭቃ ቤት ፈቃድ መሰጠት የለበትም፤ የሚሠራ ሰው በብሎኬት ይሥራ" ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ደገፈው። እኔ ግን እቃወማለሁ።

በዚህ ከተማ ቤት ለመሥራት የሚለፋው ማነው? አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራዋ ልጅ ናቸው። ቦታ ለማግኘት ብቻ ዓመታት ዕቁብ ጥለዋል፣ ከዘመድ ተበድረዋል። ቦታው እጃቸው ሲገባ ኪሳቸው ባዶ ነው። ኪራዩ ደግሞ በየወሩ አይቀርም። በጭቃ ሁለት ክፍል ሠርተው ከገቡ ኪራዩ ይቆማል፤ በዚያው ገንዘብ ቀስ እያሉ ያሻሽላሉ። ጭቃውን ብትከለክሏቸው በብሎኬት የሚሠሩ እንዳይመስላችሁ። ወይ ዕድሜ ልካቸውን ይከራያሉ፣ ወይ ያለ ፈቃድ ሌሊት ይሠራሉ። ሌሊት የተሠራ ቤት ደግሞ መሠረቱን ያየለት ሰው የለም።

በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገራችን ከተሞች የአብዛኛው ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነበር። ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ደብዳቤ ሕገ ወጥ ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። እስቲ ተናገሩ።

ነጋዴው (መናኸሪያ)

ሐሳቡን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እህቴ፣ ድሃውን ልጎዳ ብዬ አይደለም። እንዲያውም ድሃው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ብዬ ነው።

ጭቃ ቤት ዛሬ ይረክሳል፣ ነገ ይበላል። በየክረምቱ ምርጊቱ ይረግፋል፣ ምስጥ ይገባል፣ ወራጁ ይጎብጣል። ባለቤቱ በየጊዜው የሚያወጣውን ገንዘብ ቢደምረው ይደነግጣል። ባንክ ሄዶ ቤቱን ዋስትና ላስይዝ ቢል የሚሰጡት ግምት ከቦታው ብዙም አያልፍም። ኤሌክትሪኩም ሌላ ጣጣ ነው። ሽቦው በደረቅ እንጨት መሀል ተስቦ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ሆኖ፣ አንድ ቦታ እሳት ከተነሣ ጎረቤትም ይዞ ይሄዳል። በተጠጋጋ ሰፈር የአንዱ ቤት የአንዱ ብቻ አይደለም።

ሰው ትንሽ ይታገሥና አንድ ክፍል በብሎኬት ይሥራ። ያቺ አንድ ክፍል ለልጅ ልጅ ትተርፋለች።

ፎርማኑ (አዲስ ከተማ)

ሁለቱንም ስለምሠራ የማውቀውን ልናገር።

ጭቃ ቤት የሚበላሸው ከእግሩ ነው። በቅርቡ አንድ አሮጌ ቤት አፍርሰን ነበር። ግድግዳው ከላይ ሲታይ ደህና ነበር። ቋሚውን ስንነቅለው ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ሚስማር አላስገባ የሚል ደረቅ እንጨት ነው። አፈር ውስጥ የነበረው ግን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ባዶ ሆኗል፤ ምስጥ ውስጡን ጨርሶ ቅርፊቱን ብቻ ትቶታል። ሰዎቹ ሳያውቁት ስንት ጊዜ ተኝተውበታል።

ስለዚህ ወንድሜ ነጋዴው ስለ ምስጥ ያልከው እውነት ነው። መፍትሔው ግን ክልከላ አይደለም። ቋሚውን ከአፈር ማውጣት ነው። የድንጋይ መሠረት ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ላዩ ላይ አርማታ ይፍሰስ። እንጨቱ እዚያ ላይ ቁጭ ይበልና ከአርማታው በወጣ ፌሮ (የአርማታ ብረት) ይታሰር። አቅም ከሌለና መቅበር ግድ ከሆነ ባሕር ዛፉ ይላጥ፣ በደንብ ይድረቅ፣ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይጠጣ። ርጥብ ባሕር ዛፍ ከነልጣጩ ቀብሮ ቤት ሠራሁ ማለት ለምስጥ ድግስ መደገስ ነው።

ብሎኬቱስ? እስቲ አሁን ሄዳችሁ መንገድ ዳር የተደረደረውን ብሎኬት በቁልፍ ጫሩት። አንዳንዱ አሸዋው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሲሚንቶው ተቀንሷል፣ ውኃ አልጠጣም፣ በተመረተ በሦስተኛው ቀን ይሸጣል። ብሎኬት ቢያንስ ለ7 ቀን ጥላ ሥር ሆኖ ጧት ማታ ውኃ መጠጣት አለበት። ስትገዙ ከመኪና ሲወርድ ቁሙና እዩ። በማውረድ ብቻ ጥግ ጥጉ የሚረግፍ ከሆነ መልሱት። "ብሎኬት ነው" ስለተባለ ብቻ ቤት ጠንካራ አይሆንም።

ነጋዴው (መናኸሪያ)

ፎርማን፣ አንተ የምትለውን ዓይነት ጭቃ ቤት በከተማው ስንቱ ይሠራል? እኔ የማወራው ስለሚሠራው ነው፣ መሠራት ስለነበረበት አይደለም።

ፎርማኑ (አዲስ ከተማ)

አንተ የምትለውን ዓይነት ብሎኬት ቤትስ ስንቱ ይሠራል?

መሐንዲሱ (ምሥራቅ)

እዚህ ላይ ልግባ፤ አንድ ትልቅ ነገር ተረሳ። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ጥር 2008 ዓ.ም. ሀዋሳ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። የመሬት መንቀጥቀጡ በመጠን 4.3 ገደማ ነበር። በዓለም ደረጃ ሲታይ ትንሽ የሚባል ነው። ሆኖም ግድግዳዎች ተሰነጠቁ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በድንጋጤ ከሕንፃ ሲወጡ ተጎዱ። በ2017 ደግሞ በመተሐራ አጠገብ ባለው በፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ እዚያው አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው የሚገድለው ክብደቱና አለመያያዙ ነው። ጭቃ ቤት ውስጡ የእንጨት አጥንት አለው። ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ በደንብ ከተያያዙ ቤቱ ይወዛወዛል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ ግን ቶሎ አይደረመስም። ጥግ ጥጉ ላይ ሰያፍ እንጨት ከተመታበት ደግሞ የበለጠ ይጸናል። ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) የሌለው፣ ከላይ ማሰሪያ ቢም (አግዳሚ አርማታ) የሌለው የብሎኬት ቤት ግን እርስ በርሱ የተደገፈ ድንጋይ ማለት ነው። በመስኮትና በበር ጥግ በኩል ይሰነጠቅና ግድግዳው ወደ ውጭ ወይም በተኛ ሰው ላይ ይወድቃል።

ብሎኬት አትሥሩ እያልኩ አይደለም። በትክክል ከተሠራ ብሎኬት ይሻላል፤ ይህን ማንም መሐንዲስ አይክድም። በትክክል ማለት ግን ምን እንደሆነ እንወቅ። መሠረቱ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ግሬድ ቢም፣ በየጥጉ ኮለን፣ ከበርና ከመስኮት በላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቢም። ያ የላይኛው ቢም ቤቱን እንደ መቀነት ያስረዋል። ገንዘብ ሲያጥር ሰው መጀመሪያ የሚያስቀረው ግን እሱን ነው፤ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ አይታይም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የፌሮ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለ 14 ሚሊ ሜትር የተባለው ፌሮ በባለ 12 ይተካል፣ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ ስታፋው፣ ይራራቃል። አርማታው ውስጥ ገብቶ ከተሸፈነ በኋላ ማን ያየዋል?

ብሎኬት ብቻ ተብሎ ቢታወጅ አቅም የሌለው ሰው ግድግዳውን በብሎኬት ያቆማል፤ ፌሮውን ግን ይቀንሳል። ከዚህ ቤት ጥሩ ጭቃ ቤት ይሻለኛል።

ሕጉ ራሱ የሚያየው ሌላ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንድ ወለል ብቻ ኖሮት በቋሚዎቹ መሀል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤትን ምድብ "ሀ" ውስጥ፣ ማለትም ከቀላሎቹ ሕንፃዎች ጋር፣ አስገብቶት ነበር። ዋናው ጥያቄ ግድግዳው ከምን ተሠራ ሳይሆን ይቆማል ወይ፣ ለነዋሪውና ለጎረቤቱ አደጋ አለው ወይ የሚለው ነው።

እትዬ (ሐይቅ ዳር)

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ግድግዳ ታወራላችሁ። ስለ መሬቱ ማን ይናገር?

እኛ ሰፈር ለመሠረት ትንሽ ስትቆፍር ውኃ ታገኛለህ። ሽንት ቤት ብትቆፍር በክረምት ሞልቶ ይመጣብሃል። ሐይቁ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ውኃ ይገባለታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዝናብ የበዛ ዓመት ይሞላል፤ ዳር ዳሩን ግድብ የተሠራው ያለምክንያት አይደለም። እዚህ ጭቃ ቤት ስትሠራ እርጥበቱ ከሥር ይወጣና ግድግዳው ከታች ይላጣል። ብሎኬቱም ቢሆን ከሥር ካልተከለለ ቀለሙ በዓመቱ ይረግፋል። ታቦር ተራራ ሥር የሚሠራና እኛ ሰፈር የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት ፈቃድ መውሰዱ ለእኔ አይገባኝም።

ለሐይቅ ዳር ጭቃ ይቅር ካላችሁኝ እስማማለሁ። ለቱላና ለታቦር ግን ለምን?

መምህርቷ (ታቦር)

እትዬ፣ ይህ በጣም ትልቅ ነጥብ ነው። እኔም እዚህ ቦታ ላይ ከወንድማችን ጋር ልስማማ እችላለሁ። ውኃ በሚቀርብበት ሰፈር ጭቃ አይፈቀድ። ወይም ቢያንስ መሠረቱ ከፍ ብሎ በድንጋይና በሲሚንቶ ካልተሠራ አይፈቀድ።

ጡረተኛው (ባህል አዳራሽ)

የምኖርበት ቤት በደርግ ጊዜ የተሠራ ጭቃ ቤት ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት እዚያው ነው። እስከ ዛሬ ቆሟል። ለምን እንደቆመ ልንገራችሁ።

አንደኛ መሠረቱ ድንጋይ ነው። ሁለተኛ ቆርቆሮው ከግድግዳው በደንብ ወጣ ይላል፤ ዝናቡ ግድግዳውን አይመታም። የዛሬ ልጆች ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብለው ልክ ግድግዳው ላይ ይቆርጡታል፤ ከዚያ በክረምት ምርጊቱ ወረደ ብለው ያማርራሉ። ሌላው ጭቃው ነው። በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ለቀናት ተከምሮ እንዲብላላ ይተው ነበር። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቅጥቁ ከወጣ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚመረገው። ዛሬ ጧት ይቦካል፣ ከሰዓት ይመረጋል፣ በሳምንቱ ሲሚንቶ ይለሰናል። ያ ሲሚንቶ ጭቃውን አይዝም፤ ሽቦ ካልተወጠረበት ቅርፊቱ ተገንጥሎ ይወርዳል።

የሲዳማ ደጋ ሰው በቀርከሃ የሠራው ቤት ዝናቡን ችሎ ይኖር የለም እንዴ? ነገሩ የእጅ ሥራ ነው።

የቱላው ልጅ

እኔ አሁን እየሠራሁ ስለሆነ ቀጥታ ልጠይቅ። ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ በጭቃ ልሥራና ልግባ? ፊት ለፊት ያለውን ለዋናው ቤት ልተው ብዬ ነበር። ክልከላው ቢመጣ ሰርቪሱንም ያፈርሱብኛል?

ነጋዴው (መናኸሪያ)

ወንድሜ፣ ፈቃድ ይዘህ የሠራኸውን ማፍረስ እኔም አልደግፍም። እኔ ያልኩት ስለሚመጣው ነው። ግን ምክሬ፣ ሰርቪሱን በብሎኬት ሥራው። ኋላ ታከራየዋለህ፤ ፓርኩ የሚሠሩ ልጆች ክፍል ይፈልጋሉ።

ፎርማኑ (አዲስ ከተማ)

እኔ ደግሞ ሌላ እመክርሃለሁ። ገንዘብህን ሁለት ቦታ አትበትን። ለሰርቪሱ መሠረት ድንጋይና አርማታ አውጣ፣ ግድግዳውን በጭቃ ሥራ። መሠረቱ ጥሩ ከሆነ ነገ ጭቃውን አንሥተህ በዚያው ላይ ብሎኬት ትደረድራለህ። ግን ይህን ከአሁኑ ለመሐንዲስ ንገረው፤ መሠረቱን ለብሎኬቱ ክብደት ያስላልህ። ጥግ ጥጉ ላይ የኮለኑን ፌሮ ከመሠረቱ ወጣ አድርገህ ተውና በቀጭን አርማታ ሸፍነው፣ እንዳይዝግ። አርማታው 1፡2፡3 (አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር) ይሁን፤ ቦኪው ለመሥራት ይቅለለኝ ብሎ ውኃ ሲያበዛ ዝም አትበል። የእጅ ዋጋ ስትዋዋል ደግሞ ሁሉንም ገንዘብ በአንድ ጊዜ አትስጥ። መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲቆም፣ ጣሪያ ሲለብስ እያልክ ክፈል።

መሐንዲሱ (ምሥራቅ)

ፎርማን ትክክል ነው። እኔም እጨምራለሁ፦ ጣሪያው ጭቃ ቤቱ ላይ ሲሆን ወራጁ ከቋሚው ጋር በሚስማር ብቻ አይያዝ፣ በሽቦ ይታሰር። ንፋስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።

መምህርቷ (ታቦር)

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፈቃዱ ይቀጥል፣ ግን በሁኔታ። መሠረቱ ከመሬት ከፍ ያለ ድንጋይ ይሁን። ሐይቅ ዳርና ውኃ በሚቀርብበት ሰፈር አይፈቀድ። ከመሬት ወለሉ በላይ ፎቅ በፍጹም። ክፍለ ከተማው ደግሞ ሁለት ጊዜ ባለሙያ ይላክ፦ አንዴ መሠረቱ ሳይሸፈን፣ አንዴ ጣሪያው ሳይለብስ። ይህ ለብሎኬት ቤትም ይሁን፤ እዚያ ነው ፌሮው የሚጠፋው።

ነጋዴው (መናኸሪያ)

በዋና መንገድ ዳር ጭቃ አይፈቀድ የሚለውን ካስገባሽበት እኔ ግማሽ መንገድ እመጣለሁ። ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። ባለሙያው መጥቶ እስኪያይ ሥራው ቆሞ ስንት ሳምንት ሊጠበቅ ነው? ቀን ሠራተኛ ይዞ የቆመ ሰው ያንን ይችላል?

መሐንዲሱ (ምሥራቅ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀኑ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። በተጻፈው ቀን ባለሙያው ካልመጣ ባለቤቱ መሠረቱን ፎቶ አንሥቶ፣ ፌሮውን በሜትር ለክቶ ለክፍለ ከተማው ያስገባና ሥራው ይቀጥል። መዘግየቱ የቢሮው ጥፋት እንጂ የእሱ አይሁን።

የቱላው ልጅ

በዚህ እስማማለሁ። ድንጋዩ ነገ ይመጣል። ፎርማን፣ በውስጥ መስመር ጻፍኩልህ፤ ስለ እጅ ዋጋው እንነጋገር።