አስቸኳይ፦ በ40 ሌንስ ሳየው ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ

እናት ከቢሾፍቱ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት የልጄ ጓደኞች የኩሬ ውሃ በማይክሮስኮፕ ለማየት ወደ ቤታችን ይመጣሉ፤ ማይክሮስኮፑ ግን ዛሬ ማታ ተበላሸብኝ። ትናንት በ10 ሌንስ (10 እጥፍ በሚያጎላው) ወዲያ ወዲህ ሲሉ ያየኋቸው ፍጥረታት ዛሬ አንድም የሉም፤ ወደ 40 ሌንስ ሳዞረው ደግሞ የቱንም ያህል ባስተካክል ከጭጋግ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ውሃው ትናንት የቀዳሁት ነው፤ ጠርሙሱን አጥብቄ ከድኜ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። እባካችሁ ፈጥናችሁ ንገሩኝ።

ጠል፦ እህቴ፣ የውሃውን ጠብታ በስስ መሸፈኛ መስታወት ሸፍነውታል? በ40 ሌንስና ጠብታው በሚያርፍበት መስታወት (በስላይዱ) መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ ያልተሸፈነ ጠብታ ከፍ ብሎ የሌንሱን አፍ ይነካዋል፤ ጭጋግ መስሎ የሚታይዎት በሌንሱ ላይ የቀረው ውሃ ሳይሆን አይቀርም። በሶፍት ግን አይጥረጉት፣ ሊጭረው ይችላል፤ በንጹሕ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ቀስ አድርገው ያድርቁት።

መምህሩ፦ ጥያቄውን «ማይክሮስኮፑ ተበላሸ» ብሎ መጀመር ትክክል አይመስለኝም። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1674 በደልፍት አቅራቢያ ከሚገኝ ሐይቅ የቀዳውን ውሃ መርምሮ ጥቃቅን ፍጥረታትን ያየው በአንዲት ነጠላ ሌንስ ነበር፤ ስለዚህ ከመሣሪያው አስቀድመን ውሃውን እንጠይቅ። ተከድኖ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ይሞቃል፤ ባክቴሪያዎችም በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ትናንት ሲዋኙ ያዩአቸውም በዚሁ ምክንያት ሞተው ይሆናል። ነገ ማለዳ አዲስ ውሃ ይቅዱ፤ ጠርሙሱን እስከ ግማሹ ብቻ ሞልተው ሳይከድኑ ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ከመካከል ያለው ጥርት ያለ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ስለሚሆን፣ ጠብታውን ከበሰበሰ ቅጠል ሥር ወይም ከአረንጓዴው ዝልግልግ አጠገብ ይውሰዱ።

ብርሃን፦ እኔም መሸፈኛ መስታወቱን ነው የምለው። በተጨማሪ ስላይዱ ከሚቀመጥበት መድረክ ሥር ያለውን የብርሃን መክፈቻ ጠበብ ያድርጉት፤ እነዚህ ፍጥረታት አካላቸው ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ሲበዛ እዚያው እያሉ ይሰወራሉ።

ከባሕር ዳር፦ ለልጆች 40 ሌንስ ለምን አስፈለገ? በ10 ሌንስ ብዙ ነገር ይታያል፣ ፈልጎ ለማግኘትም ይቀላል። እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው የሚቀዳበት ቦታ ነው። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ተውሳኩ በቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ ልጆቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ እንዳይከቱ አደራ እላለሁ፤ ጠርሙሱን በረጅም እንጨት ላይ አስረው ይቅዱ።

እናት ከቢሾፍቱ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ ናችሁ፣ አልሸፈንኩትም ነበር። ሌንሱን ጠርጌ፣ ጠብታውን ሸፍኜ፣ ከጠርሙሱ ሥር ካለው ዝቃጭ ብወስድ የነጠላ ጫማ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ፍጥረታት አገኘሁ፤ ነገር ግን በ40 ሌንስ ገና ሳያቸው ያመልጡኛል።

ጠል፦ ፓራሜሲየም የሚባለው ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ይመስሉኛል። በ1 ሴኮንድ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊዋኝ ይችላል፤ የዓይን ሌንስዎ 10 ከሆነ ደግሞ በ40 ሌንስ የሚታይዎት ስፍራ ወርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ አቋርጦት ይሄዳል። ከጥጥ ላይ ጥቂት ክሮች መዝዘው ጠብታው ውስጥ ይበትኑና ከላይ ይሸፍኑት፤ ክሮቹ መካከል ሲገባ መንገድ ያጣል። ያም ካልበቃ፣ የሶፍት ጫፍ በመሸፈኛው ዳር አስጠግተው ትርፉን ውሃ ይምጠጡ፤ ውሃው ሲሳሳ ይያዛል። አንዱ ከቆመልዎት ወደ ሁለቱ ጫፎቹ ጠጋ ብለው ይመልከቱ፦ ዙሪያዋን እንደ ኮከብ ጨረር የዘረጋች ክብ ነገር ቀስ በቀስ ትሞላና በድንገት ትጠፋለች፣ ከዚያም እንደገና መሙላት ትጀምራለች። ወደ ሰውነቱ የገባውን ትርፍ ውሃ የሚያስወጣው በእርሷ ነው፤ ለልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው ይህችን ያሳዩአቸው።